የጽጌረዳ እምቡጦቹ ለማን ይጽፉ ነበር?

(ማስታወሻ፦ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሚኒ ሚዲያ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ክፍል እስኪገባ፣ ወይም በእረፍት ሰዓት፣ በሚንጫረር ድምፅ ማጉያ ዜና፣ ጥቅስና ግጥም ይነበባል። አድማጩ ተማሪ ነው። ጽሑፉን ቀድሞ አይቶ የሚያሳልፈው ግን ኃላፊው መምህር ነው። እኔ ጋዜጠኝነትን የጀመርኩት እዚያ ነው። «ይህን ተማሪው ይወደዋል ወይ?» ከማለቴ በፊት «ይህን መምህሩ ያሳልፈዋል ወይ?» ማለትን የተማርኩትም እዚያው ነው። የተማሪ ጽሑፍ ሁልጊዜ ሁለት አንባቢ አለው። አንዱ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ሌላው ከጀርባ ቆሞ በትከሻችሁ ላይ ያነባል።

ዛሬ የማወራችሁ ከ170 ዓመት በፊት ስለወጣ አንድ የሴት ተማሪዎች ጋዜጣ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ጉዳዩ ግን ትምህርት፣ ቋንቋና ፊደል በተነሱ ቁጥር የምንጨቃጨቅበት ጉዳይ ነው።

ጊዜው 1854 ነው። እኛ ዘንድ ካሳ ኃይሉ ደራስጌ ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ሊነግሥ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አእምሮ ጋዜጣ በእጅ እየተጻፈች መሰራጨት የጀመረችው ከዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ዛሬ ኦክላሆማ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ታሌኳ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ባለች ፓርክ ሂል የምትባል ሰፈር፣ «የቼሮኪ ጽጌረዳ እምቡጦች» የሚል ስም ያለው ጋዜጣ ታተመ። አዘጋጆቹ ካትሪን ጉንተርና ናንሲ ሂክስ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርት ቤታቸው የቼሮኪ ብሔራዊ የሴቶች ሴሚናሪ ይባላል። ሴሚናሪ ሲባል የካህናት ማሠልጠኛ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ከፍ ያለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው።

ቼሮኪዎች እነማን ናቸው? ከአውሮፓውያን በፊት በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች ይኖሩ የነበሩ፣ በቆሎ የሚያርሱ፣ በከተማና በመንደር የሚተዳደሩ ሕዝብ ናቸው። ለእኛ ይበልጥ ሊገርመን የሚገባው ግን ፊደላቸው ነው። ሴኮያ የሚባል፣ ብር ይሠራ የነበረ፣ እንግሊዝኛ ማንበብም መጻፍም የማይችል ሰው ለዓመታት ተቀምጦ ለገዛ ቋንቋው ፊደል ቀረጸ። በ1821 አካባቢ ተጠናቀቀ። መጀመሪያ 86 ምልክቶች ነበሩት፤ አንዱ ተትቶ 85 ቀሩ። እንደ ላቲን ተነባቢውንና አናባቢውን ነጣጥሎ አይጽፍም፤ እንደ እኛው አንድ ምልክት አንድ ቀለም ነው። ልዩነቱ የእኛ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ከአንድ እናት የተወለዱ መሆናቸው በመልካቸው ሲታወቅ፣ የሴኮያ ምልክቶች ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻ የቆሙ መሆናቸው ነው። አንዳንዶቹ ቅርጻቸው ከላቲን ይመሳሰላል፤ ድምፃቸው ግን ሌላ ነው። ደብልዩ የሚመስለው «ላ» ተብሎ ይነበባል፤ ዲ የሚመስለው ደግሞ «አ» ነው።

ሲነገር እንደቆየው፣ ሴኮያ ፊደሉን መጀመሪያ ያስተማረው ለትንሽ ሴት ልጁ ለአዮካ ነው። ሽማግሌዎቹ «ይህ ጥንቆላ ነው» ብለው ሲጠራጠሩ አባትና ልጅን ለያይተው አስቀመጧቸው፤ ለአንደኛው የነገሩትን አስጽፈው ለሌላኛው አስነበቡ። የልጅቱ ንባብ ፊደሉን አጸደቀው። በዚያ ፊደል ማንበብ የቻለችው የመጀመሪያዋ ተማሪ ሴት ልጅ ናት ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ፊደሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያለ ትምህርት ቤትና ያለ አስገዳጅ ከቤት ቤት ተሰራጨ። በ1828 «ቼሮኪ ፊኒክስ» የሚባል ጋዜጣ በቼሮኪና በእንግሊዝኛ መታተም ጀመረ። አዘጋጁ ኤላያስ ቡዲኖት የሚባል የተማረ ቼሮኪ ነበር። ጋዜጣው በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ለዋሽንግተንና ለኒው ዮርክ አንባቢ ነበር፦ «እኛ ሕገ መንግሥት ያለን፣ የምናርስ፣ የምናነብ ሕዝብ ነን፤ መሬታችንን አትውሰዱብን» ለማለት። አልተሰማም። የጆርጂያ ግዛት በ1835 ማተሚያውን ቀማ። በ1838 እና 1839 ወደ 16,000 የሚጠጋ ሕዝብ በወታደር ተነድቶ ወደ ምዕራብ ተጋዘ። በመንገድና በማጎሪያ ካምፖች ያለቀው 4,000 ያህል እንደሆነ ይገመታል። መንገዱ «የእንባ መንገድ» ተባለ። ቡዲኖት ራሱ መሬቱን አሳልፎ የሰጠውን ውል ከፈረሙት አንዱ ስለነበር በ1839 በገዛ ወገኖቹ ተገደለ። የተገደለው ፓርክ ሂል ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ልጃገረዶቹ ጋዜጣቸውን ባወጡባት በዚያችው ሰፈር።

ይህን ሁሉ የማወራው ጋዜጣው የወጣው ምን ዓይነት ሕዝብ መካከል እንደሆነ እንዲታያችሁ ነው። ያሉት ሁሉ ተወስዶባቸው፣ በማያውቁት ምድር ከዜሮ የጀመሩ ናቸው። ገና ቤት ሠርተው ሳይጨርሱ፣ በ1846፣ ብሔራዊ ሸንጓቸው አንዱን ለወንድ አንዱን ለሴት ሁለት ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች እንዲሠሩ ወሰነ። ሁለቱም በ1851 በግንቦት መጀመሪያ ተከፈቱ፤ የሴቶቹ ሜይ 7 ነው። ሚሲዮን አልሠራላቸውም፤ የአሜሪካ መንግሥትም አልሠራላቸውም። ያስተዳደረውም ወጪውን የቻለውም የቼሮኪ መንግሥት ነው። የብዙ አሜሪካውያን ነጭ ገበሬዎች ልጆች እንኳ ያላገኙትን ትምህርት ለሴት ልጆቹ የሰጠ የተፈናቀለ ሕዝብ ነበር። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም።

ለሴቶቹ ትምህርት ቤት አርአያ የተደረገው በማሳቹሴትስ የሚገኘው ማውንት ሆሊዮክ ነው። የመጀመሪያዋ ርእሰ መምህርት ኤለን ዊትሞር ከዚያ ነው የመጣችው። ረዳቷ ሣራ ዉስተርም የዚያው ምሩቅ ናት፤ ለቼሮኪዎች መብት ተከራክሮ ጆርጂያ ውስጥ የታሰረው የሚስዮናዊው የሳሙኤል ዉስተር ልጅ። ተማሪዎቹ ላቲን፣ አልጀብራ፣ ጂኦግራፊና የዕፀዋት ጥናት ይማሩ ነበር። የቼሮኪ ቋንቋ ግን አይሰጥም። የሴኮያ ፊደል አይሰጥም። የራሳቸው ታሪክም አይሰጥም። መግቢያ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቤቱ ቼሮኪ ብቻ የሚናገር ልጅ ገና ከበሩ ይወድቃል። ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው የቼሮኪ መንግሥት ነው፤ ቼሮኪኛን ከበር ያስቀረውም ያው መንግሥት።

አሁን ወደ ጋዜጣው እንግባ።

በ1854 የወጣው ቅጽ መሪ ቃሉ መልካም የሆነውን፣ ውብ የሆነውንና እውነት የሆነውን ነገር የሚያነሳ ነበር። በ1855 የወጣው ደግሞ «የቼሮኪ ጽጌረዳ እምቡጦች ጉንጉን» ተባለ። ከሁለቱ አዘጋጆች ስም በቀር አብዛኞቹ ጸሐፊዎች የሚታወቁት በብዕር ስም ነው፦ ኮሪን፣ ኢዲዝ፣ ሊሊ ሊ፣ ናሊ። ኮሪን ስለ ጋዜጣው ስያሜ ግጥም ጽፋለች። ሊሊ ሊ «በወፎች መካከል የሥነ ጽሑፍ ቀን» የሚል ግጥም አላት። ወፎቹ እንደ ተማሪ ተሰብስበው ያላቸውን ያቀርባሉ፤ የትምህርት ቤቱን የበዓል ቀን ያየ ሰው እነማንን እንደሆነ አይስተውም። የወላጆች ቀን ላይ የቆመ ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው ዓይነት ቀልድ ነው። እነዚህ ገጾች ላይ ልጆቹ በቃ ልጆች ናቸው።

ኢዲዝ ግን ሌላ ነገር ትጽፋለች። ጽሑፏ ሁለት ትዕይንቶችን ጎን ለጎን ያቆማል። አንደኛው የድሮው የቼሮኪ ኑሮ ነው፤ ዱር፣ ጎስቋላ ጎጆ፣ ያልሠለጠነ ሰው። ሁለተኛው የዛሬው ነው፤ ያማረ ቤት፣ ሥርዓት፣ ትምህርት። ንጽጽሩ «እዩን፣ ምን ያህል ርቀን እንደመጣን» የሚል ነው። ጎረቤቶቻቸው የነበሩትን የኦሴጅ ሕዝቦች ሠርግ እንደ ሌላ ዓለም ጉድ የሚመለከት ጽሑፍም በጋዜጣው ወጥቷል። ትናንት «አረመኔ» ተብሎ የተገፋ ሕዝብ ልጅ ዛሬ አጠገቧ ያለውን በዚያው ዓይን ታያለች።

ኢዲዝን መኮነን ቀላል ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ያደረግኩት ያንኑ ነው። ቆይቼ ግን ያ የትከሻ ላይ አንባቢ ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ንጽጽር የሚጻፈው ለማን ነው? የፓርክ ሂል ሰው ድሮ እንዴት ይኖር እንደነበር ከኢዲዝ አይማርም፤ አያቱ አለችለት። ጽሑፉ የሚያናግረው «ሠለጠናችሁ ወይስ አልሠለጠናችሁም?» እያለ ከላይ ቆሞ የሚጠይቀውን ነው። ያ ጠያቂ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት መልሱን ሳይሰማ አገር ነቅሏል። አንዲት የአሥራ ስድስት ወይም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ድርሰቷን ለማን እንደምታስረዳ ሳትነገር ታውቃለች። ፊኒክስ በፖለቲካ ያልሠራውን ሥራ ኢዲዝ በድርሰት ልትሠራው ትሞክራለች።

የሚያሳዝነው ንጽጽሩ እውነትም አለመሆኑ ነው። በድሮው የቼሮኪ ሥርዓት ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው። ቤቱና እርሻው የሴቷ ነበር። ሴቶች በሸንጎ ይናገራሉ። ናንየሂ የምትባል፣ ነጮች ናንሲ ዋርድ ያሏት ሴት በ1781 በሰላም ድርድር ላይ ለነጭ ባለሥልጣናት በአደባባይ ተናግራለች። በ1817 ሴቶች ተሰብስበው «መሬት አትሽጡ» ብለው ለሸንጎው ጽፈዋል። ሕገ መንግሥቱ በ1827 ሲጻፍ ሴቶች ድምፅ እንዳይሰጡ ከለከለ፤ ሥልጣኔ ማለት ይህም ነበርና። ስለዚህ ኢዲዝ «የድሮው ጨለማ» የምትለው ዘመን ሴት አያቷ የመሬት ባለቤት የነበረችበት ዘመን ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ማንም አልነገራትም።

የወንዶቹ ሴሚናሪም በ1855 የራሱን ጋዜጣ አውጥቷል፤ «የሴኮያ መታሰቢያ» ይባላል። መሪ ቃሉ ፍትሕንና የመናገር ነፃነትን ያነሳል። ልዩነቱን አያችሁት? ወንዶቹ ፍትሕና ነፃነት፣ ሴቶቹ መልካምነትና ውበት። የሴኮያንም ስም ወንዶቹ ወስደውታል፤ ፊደሉን በንባቧ ያጸደቀችው ልጁ ግን ሴት ነበረች።

የእኔ ልብ የቀረው ግን ናሊ ላይ ነው።

ናሊ ለቼሮኪ ሴቶች ንግግር የሚመስል ጽሑፍ ጽፋለች። ርእሷ ስለ አበባ ወይም ስለ ወፍ አይደለም። በሰፈሩ የሚወራውን ሐሜት በቀጥታ ታነሳለች፦ ሴሚናሪዎቹ የተሠሩት ለሀብታሞችና ደማቸው ለተቀላቀለ ብቻ ነው የሚለውን። ስህተት ነው ትላለች። ከዚያ ስለ ራሷ ትናገራለች። ወላጆቿ በእናትም በአባትም ቼሮኪዎች፣ ተራ ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸውን ሀብታም እንደሚወድ ይወዱ ነበር። ትምህርት ቤት ስላልገቡ የትምህርትን ዋጋ አያውቁም ነበር። ሞቱባት፤ በሌላ ሰው እጅ አድጋ ተማረች።

ሐሜቱ ሐሰት ብቻ አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በእርግጥም በአብዛኛው የባለጸጎችና የቅይጥ ቤተሰቦች ልጆች መማሪያ ነበር። ጉንተርና ሂክስ ራሳቸው በቼሮኪ ፖለቲካ የታወቁ ቤተሰቦች ስሞች ናቸው። ናሊ ተቋሙን ትከላከላለች፤ በዚያው አፍ ግን ተቋሙ የሚያፍርበትን ጉዳይ በማተሚያ ቤት ቀለም አስነጥፋለች። መምህሯ አልፋዋለች፤ ምክንያቱም መደምደሚያው «ተማሩ» ነው። ከመደምደሚያው በፊት ግን ወላጆቿን «ጎስቋላ ትዕይንት» አላደረገቻቸውም። ይወዱኝ ነበር አለች። ከጋዜጣው ሁሉ ፊቷን ወደ ገዛ ሰዎቿ አዙራ የምትናገረው እሷ ናት። ሚኒ ሚዲያ ላይ የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ብልሃት እንደሚጠይቅ ይገባዋል።

ከገጾቹ አንዳንዶቹ ደግሞ በሴኮያ ፊደል የታተሙ ናቸው። ፊደሉ በማይሰጥበት ትምህርት ቤት፣ በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ፣ ቼሮኪኛ። እነዚህን ጽሑፎች በትከሻ ላይ የሚያነበው ሰው ከምሥራቅ መጥቶ ከሆነ አያነባቸውም። የተጻፉት ለእናትና ለአጎት ነው። የቼሮኪ መንግሥት ጋዜጣ የነበረው «ቼሮኪ አድቮኬት» በ1853 በገንዘብ እጦት ተዘግቶ ነበር፤ እንደገና የተከፈተው በ1870 ነው። በመካከል፣ መንግሥት ጋዜጣ ማውጣት ባቃተው ጊዜ፣ ሁለት ተማሪዎች በሁለት ቋንቋ ጋዜጣ አዘጋጁ። የተማሪ ጽሑፍ ብለን የምናሳንሰው ነገር አንዳንዴ የአገርን ክፍተት ይሞላል።

አንድ ነገር ግን ዘልዬ ባልፍ ልክ አይሆንም። በዚያን ጊዜ በቼሮኪ ምድር ባሮች ነበሩ። በ1860 በተደረገው ቆጠራ ቁጥራቸው ወደ 2,500 ይጠጋል። ትምህርት ቤቶቹን ያሠራው ዋና አለቃ ጆን ሮስ ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ነበር። በ1841 የቼሮኪ ሸንጎ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ሴሚናሪው ሲወሰን ያ ሕግ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ማንበብ ሰው እንደሚያደርግ ስላመነ ለሴት ልጆቹ ትምህርት ቤት የሠራው ያው ሸንጎ፣ ማንበብ ሰው እንደሚያደርግ ስላመነ ለባሪያው ከለከለ። ሁለቱም ውሳኔ የመጣው ከአንድ እምነት ነው። ስለ ተበደለ ሕዝብ ስንጽፍ በደለኛነቱን መደበቅ ይቀናናል፤ የእኛም ታሪክ አጻጻፍ ከዚህ አይጸዳም።

ጋዜጣው ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ገንዘብ አለቀ፤ 1857 ገና ሳይጋመስ ሁለቱም ሴሚናሪዎች ተዘጉ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጥቶ አገሩን አመሰው። የሴቶቹ ትምህርት ቤት በ1870ዎቹ ተከፍቶ እስከ 1887 ከሠራ በኋላ በፋሲካ ዕለት ተቃጠለ። አዲሱ ሕንፃ ታሌኳ ላይ በ1889፣ በዚያው በሜይ 7 ተመረቀ። ኦክላሆማ ግዛት ሆና የቼሮኪ መንግሥት ሥልጣኑን ከተቀማ በኋላ፣ በ1909 ሕንፃውን ግዛቲቱ ገዛችው። ዛሬ የኖርዝኢስተርን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢው ከገባችሁ በኋላ አማርኛ መናገር የሚያስቀጣ ትምህርት ቤት መኖሩን ታውቃላችሁ። አንድ የማውቀው ልጅ አማርኛ በመናገሩ ብር ከፍሏል፤ አባቱ በኩራት ነው የነገረኝ። ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሲዳምኛ እየተናገሩ አድገው በአማርኛ የተቀጡ አባቶችና እናቶችም አሉ፤ ያን ጊዜ ቀጪው አማርኛ ነበር። ወላጆች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። እንደ ቼሮኪ ሸንጎ አስልተው ነው፦ ኃይለኛው በምን ቋንቋ እንደሚያነብ አይተው። ስሌቱ ሁልጊዜ ስህተት ነው አልልም። በእንግሊዝኛ የተማሩት የቼሮኪ ልጆች ኋላ ላይ መምህራን ሆነዋል፣ ሕዝባቸውን አገልግለዋል። ግን ሒሳቡ ሲሠራ የትኛው ወጪ እንዳልተመዘገበ መጠየቅ ደግሞ የጋዜጠኛ ሥራ ነው።

ያልተመዘገበው ወጪ ኋላ መጣ። ዛሬ የቼሮኪ ኔሽን ዜጎች ከ450,000 በላይ ናቸው። ቼሮኪኛን አፋቸውን ፈትተውበት የሚናገሩት ግን በ2,000 አካባቢ ወይም ከዚያም በታች ናቸው፤ አብዛኞቹም አዛውንት። በ2019 ሦስቱ የቼሮኪ መንግሥታት በቋንቋቸው ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ከ2001 ጀምሮ ሕፃናት በቼሮኪኛ ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ታሌኳ ውስጥ አለ። የከተማዋ የመንገድ ስሞች በሴኮያ ፊደልም ተጽፈዋል።

ፓርክ ሂል ላይ ከተቃጠለው ሕንፃ ሦስት ዓምዶች ብቻ ቆመው ቀርተዋል። ጋዜጣው ደግሞ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የእንግሊዝኛውን ገጾች ተመራማሪዎች በየጊዜው ያወጧቸዋል፣ ይተነትኗቸዋል፤ ኢዲዝን ይተቻሉ፣ ናሊን ያደንቃሉ፣ እኔም እንዳደረግኩት። በቼሮኪኛ የታተሙትን ግን ማንበብ የሚችለው፣ ዛሬ ታሌኳ ውስጥ ፊደሉን እየቆጠረ ያለው ልጅና አያቱ ናቸው።